ሦስተኛ ወገን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የምነዳው እኔ ነበርኩ። መሪው በባሌ እጅ ነው፣ ፍሬኑም በባሌ እግር ሥር ነው፤ እኔ ግን ጋቢና ተቀምጬ፣ ምንም በሌለበት ወለል ላይ ቀኝ እግሬን እየረገጥኩ እወርድ ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ ባቴን ይቆረጥመኛል። ባሌ ይስቅብኛል። «የፍሬን ሸራው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ባንቺ ነው» ይላል። እሱ ጭጋግ ይሁን ዝናብ፣ ከፊቱ ተሳቢ ይምጣ አውቶብስ፣ መንዙማውን በለሆሳስ እያዜመ የሚነዳ ሰው ነው። ያ እርጋታው ያናድደኝ ነበር። ከሁለት አንዳችን መፍራት አለብን፤ እሱ ካልፈራ የሱንም ድርሻ የምፈራለት እኔ ነኝ።

ሲፈጥረኝም አርፌ መቀመጥ አልችልም። እናቴ በልጅነቴ «ይቺን ልጅ ጉንዳን ወሯታል» ትለኝ ነበር፤ ካደግኩ፣ ካገባሁ፣ ከወለድኩም በኋላ ጉንዳኑ አልለቀቀኝም። ደሴ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ቀኑ ሲገፋ ማየት ሕመም ይሆንብኛል። ስለዚህ ባሌ ያችን አሮጌ ትንሽ የጭነት መኪና ሲገዛ ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። እሱ የኩታበር ገበሬ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ ድንች ያመርታሉ። ድንቹን ጭኖ፣ ቦሩ ሜዳን አልፎ ደሴ ይመጣል፤ እኔ ደሴ ላይ ጋቢና እገባለሁ፤ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እናራግፋለን። ልጆቻችንን አብረውን የሚኖሩት አማቴ ይይዙልናል።

መንዳት የሱ ነበር፣ መሸጥ የኔ። እሱን ይሉኝታ ይገድለዋል፤ መጀመሪያ ዋጋ የጠራለት ሰው ሁሉ ዘመዱ ይመስለዋል። እኔ የኮምቦልቻን ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የትኛዋ «ድንቹ በስብሷል» ብላ እንደምትጀምር፣ የትኛው የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች በብዛት ያደሩለት ቀን ሳይከራከር እንደሚገዛ አውቃለሁ። ከደሴ ብርድ ወጥቼ፣ በዚያ ሙቀት ሻሼን ጠበቅ አድርጌ ስከራከር፣ ጉንዳኑ ያን ጊዜ ብቻ ይተወኛል።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው፤ ቀበሌው ሁላችንንም አንድ ለአምስት ካላደራጀሁ ሞቼ እገኛለሁ በሚልበት ዘመን። ትራፊክ ፖሊሶች ከመንጃ ፈቃድና ከሊብሬ ጋር የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ወረቀት መጠየቅ ጀመሩ። ባሌ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ እኔ ስሸጥ እሱ ወደ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ገብቶ ወረቀቱን አውጥቶ መጣ። ከሰፊው ትምህርቱ ጋር ነው የመጣው። ማታ እራት ላይ ለሁላችን አስረዳን።

«አንደኛ ወገን እኔ ነኝ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ሁለተኛ ወገን አንቺ ነሽ። ሦስተኛ ወገን ልጆቻችን ናቸው። እስከ ሦስተኛ ድረስ ይይዛል።»

አማቴ ጉርሻቸውን አቆሙ። «እኔስ የስንተኛ ነኝ?»

ባሌ በጣቱ ቆጠረ። ሰውዬው ውሸት አይችልም። «እርስዎማ፣ እማ፣ አራተኛ መሆንዎ ነው።»

«ወላሂ! ያረቢ ስማ! በሆዴ ተሸክሜ የወለድኩት አራተኛ አደረገኝ!»

«እኔ አይደለሁም፣ እማ። መንግሥት ነው።»

«መንግሥት ምጤን ያውቃል?»

ያን ሰሞን ሲጠራቸው አቤት አልል አሉ። «እማ» ሲላቸው «አራተኛዋን ነው?» ይሉታል። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። ግን ለራሴ አልዋሽም፣ ያ ወረቀት ደስ ብሎኛል። ሁለተኛ መሆኔ ደስ ብሎኛል። ሐረጎ ላይ እግሬ መርገጡን ባይተውም፣ ቢያንስ አንድ የሆነ ቦታ፣ አንድ የሆነ ማኅተም ያለው ሰው እኔን ቆጥሮኛል ብዬ አስብ ነበር። ወገን ማለት ወገን ነዋ! በአገራችን «ወገኔ» የሚባለው ሌላ ማን ሊሆን ነው?

እንዲህ እያልን ሳለ የፍየሏ ነገር መጣ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጠዋት፣ ሐረጎ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። አንድ ሰውዬ ፍየሎቹን እየነዳ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ። ባሌ ፍሬን ያዘ፤ እኔም ያዝኩ። መኪናዋ ዞር ብላ የመንገዱን ዳር ፈግፍጋ ቆመች። አንዲት ፍየል ጎማ ሥር ቀረች፣ የኔ ጉልበት ደግሞ ከፊቴ ካለው ብረት ጋር ተላተመ። ሰውዬው ፍየሏን አቅፎ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልሞተ» ይላል፣ ወዲያው ደግሞ «እንዲህ ያለች ወላድ ከየት አገኛለሁ!» እያለ ይጮኻል። ትራፊክ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ። ባለፍየሉ በኢንሹራንሱ እንደሚካስ ነገረን። ባሌ ፊቱ በራ።

«አብሽሪ» አለኝ፣ ያበጠ ጉልበቴን እያየ። «ያንቺንም እናስመዘግባለን። ሁለተኛ አይደለሽ?»

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ወጣት ሴት ነበረች፤ ጴንጤ መሆኗን ያወቅነው ገና ጉልበቴን ስታይ «ጌታ ጠብቋችኋል» ስትል ነው። ባሌ «አልሐምዱሊላህ» አላት፤ ተግባቡ። ወንበር ሰጠችን። ባሌ የፍየሏን ጉዳይ አወራ፣ አያይዞ የኔን ጉልበት፣ የክሊኒኩን ደረሰኝ አወጣ። ልጅቷ ደረሰኙን አይታ ወደሱ መለሰችው።

«የእርሳቸው አይገባም» አለች።

«ለምን? ሁለተኛ ወገን እኮ ናት።»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ከንፈሯን ነከሰች። «አባባ፣ እንደሱ አይደለም። ውሉ ላይ አንደኛው እርስዎ ነዎት። ሁለተኛው እኛ ነን፣ የምንከፍለው። ሦስተኛ ወገን የሚባለው ከውሉ ውጭ ያለ ሰው ነው፤ መኪናዎ መንገድ ላይ የሚጎዳው ባዳ።»

«ባዳ?»

«ባዳ። እርስዎና ቤተሰብዎ በዚህ አይካተቱም።»

«ፍየሏስ?»

«ፍየሏ ትካተታለች። የሌላ ሰው ንብረት ነች።»

ያን ጊዜ ነው እኔ የተነሣሁት። ጉልበቴ እያመመኝ ተነሣሁ። «ይኸው! የሐረጎ ፍየል ወገን ሆና እኔ ባዳ! መኪናዋ ውስጥ የት እንደምቀመጥ ታውቂያለሽ? ከጎኑ እኮ ነው የምቀመጠው!» አልኳት። ልጅቷ አልተቆጣችም። እንደኔ ያለ ሰው ብዙ ሳይመጣባት አይቀርም። ለካስ ዓመቱን ሙሉ ያ ወረቀት የቆጠረው መንገድ ዳር የቆመውን ሁሉ ነው፣ ከመኪናዋ ውስጥ ግን ማንንም አልቆጠረም። ከጉልበቴ ይልቅ ይሄ አመመኝ።

ከተረጋጋን በኋላ ልጅቷ ሌላ ዓይነት እንዳለ አስረዳችን። መኪናዋን ራሷን የሚይዝ ሙሉ ዋስትና አለ፤ በዚያ ላይ ሾፌሩንና ጋቢና የሚቀመጠውን ሰው የሚይዝ ተጨማሪ አለ። ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ ባሌ ጠየቃት። መኪናዋ የግል ብትሆን እንደሚቀንስ፣ የጭነት ስለሆነች እንደሚጨምር ነገረችን። ዕድሜዋ ይታያል። የምትጭነው ልክ ይታያል። ያለ አደጋ የከረመ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቅናሽ ያገኛል፤ እኛ ግን ዘንድሮ ቅናሽ ብለን እንዳናስብ ነገረችን።

«ለአንዲት ፍየል?»

«ለአንዲት ፍየል፣ አባባ። ከሁሉም በላይ ግን የሚወስነው መኪናዋ ስንት ታወጣለች የሚሉት ዋጋ ነው።»

ባሌ ይሄን ሲሰማ ሌላ ሰው ሆነ። ኩታበር ላይ ያችን መኪና ከጭነት በቅሎ በላይ ሲያወድሳት የኖረ ሰው፣ ገበያ የወጣ ገዢ መስሎ ያራክሳት ጀመር። «እሷ ምን መኪና ናት? ብረት ነች እኮ። ዳገት ስትወጣ ታለቅሳለች። ስታጨስ ደግሞ!» በሕይወቱ ሲከራከር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱም በገዛ ንብረቱ ላይ።

ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባባ፣ ዋጋዋን ዝቅ ካደረጉ በየዓመቱ የሚከፍሉን አረቦን ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ግን ከእውነተኛ ዋጋዋ ግማሹን ካስመዘገቡ፣ አንድ ቀን ስትጎዳ የጉዳቱን ግማሽ ነው የምንከፍለው። ሌላው ግማሽ በእርስዎ ላይ ይወድቃል።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው ነው፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ ማልቀስ ትርፍ የለውም። ባሌ ወዲያው የመኪናዋን ትክክለኛ ዋጋ ተናገረ። ልጅቷ ደመረችና ነገረችን። መኪናዋን ሙሉ ለሙሉ ብንይዝ የጋቢናውን ለመጨመር ገንዘባችን አይበቃም ነበር። ባሌ አላመነታም፤ «መኪናዋን ያዢልን» አለ። ስለ ጋቢናው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ውጪ፣ ባጃጆቹ በሚጯጯሁበት መንገድ ላይ፣ ደረስኩበት። «እኔስ?» አልኩት። «መኪናዋን ያዝክ። እኔን ማን ይያዘኝ?»

«አንቺ ከእንግዲህ ጋቢና አትገቢም» አለ።

እንደ ቀልድ ስቄ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። «ዋስትና በሌለው ቦታ ሚስቴን አላስቀምጥም። ቤትሽ ሁኚ፤ ድንቹን እኔ እሸጣለሁ።» ይሄን ያለኝ መሸጥ የማይችለው ሰው ነው! መኪናዋ ውስጥ ገባና በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ላድርስሽ ብሎ። እኔ ግን በሩን ዘግቼበት በሚኒባስ ደሴ ወጣሁ። መንገዱን በሙሉ በቁጣ እንባዬን እየጠረግኩ ነው የሄድኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቤቱ ጠበበኝ። የታጠበውን መልሼ አጠብኩ፣ የተቀመጠውን አነሣሁ፣ የተነሣውን አስቀመጥኩ። አማቴ «አንቺ ልጅ፣ ተይኝ ልስገድበት ይሄን ምንጣፍ» እስኪሉኝ ድረስ። ባሌ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ «ሸጥኩ» ይላል፣ ዓይኔን ሳያይ። በስንት እንደሸጠ ፊቱ ይነግረኛል። «በስብሷል» የምትለዋ ሴትዮ ለብቻው አግኝታው ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኩም። የጨነቀኝ ዋጋው ብቻ አይደለም። የሠራሁት ስም፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች፣ ያ ሙቀት፣ ያ ጭቅጭቅ፣ ሁሉም ያለኔ ይሄዳል። ጋቢናው ለኔ ከወንበርም በላይ ነበር። እዚያ ስቀመጥ ነበር ሰው የምሆነው፤ ይሄን እሱ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ አልቻልኩም። አንድ ጠዋት እሱ ደሴን አልፎ ሲወርድ ጠብቄ፣ በሚኒባስ ተከተልኩት። ኮምቦልቻ ስደርስ ሲያየኝ ደነገጠ፤ ግን ገዢዎቹ ከበውት ስለነበር ምን ይበል? ሸጥኩ። ሲመለስም በሚኒባስ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያው ሆነ። እሱ በጋቢናው፣ እኔ ከኋላው በሚኒባስ። ሒሳብ ከፍዬ የሰው መኪና ውስጥ ስቀመጥ፣ ለባለቤቱ ባዳ ነኝና፣ የዋስትናው ሰው ነኝ፤ የባሌ መኪና ውስጥ ስገባ ማንም አይደለሁም። ይሄን ነገር ሳስበው ወይ መሳቅ ወይ መጮህ ያምረኝ ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ ግን እረፍት አገኛለሁ ማለቴ ስህተት ሆነ። ከፊታችን የባሌ መኪና በሐረጎ ጥምዝምዝ ትታየኛለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትታየኛለች። እሷ በጠፋች ቁጥር አንገቴን አሰግጌ እፈልጋታለሁ። ሾፌሩን «ያቺን መኪና እንዳትቀድማት» እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ «እንዳትርቀን» እላለሁ። አንድ ቀን ሾፌሩ ትዕግሥቱ አልቆ «እህቴ፣ ያቺ መኪና ዕቁብሽን ይዛ ነው የምትሄደው?» አለኝና ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለራሴ መፍራቱን ትቼ ለሱ መፍራት ጀምሬ ነበር፣ ያም ይበልጥ ያደክማል። ከጎኑ ብሆን ቢያንስ «ቀስ!» እለዋለሁ።

ከድንቹ ከማተርፈው ጥቂት ጥቂት አኑሬ፣ ለባሌ ሳልነግር፣ ወደዚያች ልጅ ተመልሼ ሄድኩ። ወንበሬን ልገዛ። ልጅቷ አወቀችኝ፤ «ጉልበትዎ ዳነ?» አለችኝ። ጋቢና ለሚቀመጥ ሰው የሚሆነውን ዋስትና ጠየቅኳት።

«ምን ያህል ይሁን?» አለች።

«የምኑ?»

«የእርስዎ። አንድ ነገር ቢደርስ ምን ያህል እንዲከፈል ይፈልጋሉ? አረቦኑን የምናወጣው በዚያ ነው።»

ከሰው ጋር ስከራከር የኖርኩ ሴት የራሴን ዋጋ ጥሪ ስባል ቃል አጣሁ። ጥቂት ብል ራሴን ማራከስ ነው፤ ብዙ ብል ደግሞ ሞቴን በጨረታ ያወጣሁት ያህል አሳፈረኝ። ልጅቷ ገባት። «እርስዎ ስንት ያወጣሉ ብለው አያስቡ፤ ለሰው ዋጋ አይወጣለትም» አለችኝ። «የሚቀሩት ምን ያስፈልጋቸዋል፣ እስከ መቼስ ያስፈልጋቸዋል ብለው ያስቡ። በቂ የሚባለው እሱ ነው።» ትንሿን ልጄን አሰብኩ። ትምህርቷን እስክትጨርስ ያለውን ጊዜ አሰብኩ። ዳቦውን፣ ደብተሩን፣ የቤት ኪራዩን። አንድ መጠን ተናገርኩ፤ ልጅቷ ሳትገረም ጻፈች።

«ተቀባዩስ ማን ይሁን?»

«ባሌ ነዋ።»

ብዕሯን አነሣች። ለስለስ ብላ «እህቴ፣ እሳቸው እኮ ከጎንዎ ናቸው የሚቀመጡት» አለች። «ከመኪናዋ ውጭ ያለ ሰው ቢነግሩኝ ይሻላል።»

ያች አነጋገር ምን እንዳደረገችኝ ለመናገር ይቸግረኛል። ከመኪናዋ ውጭ ያለ ሰው። ልጆቼ ትንንሽ ናቸው። አማቴ አርጅተዋል። ሌላ ማን አለ? የአማቴን ስም ተናገርኩ፣ ፈረምኩ፣ ገንዘቡን ከፈልኩ። የገዛሁት ወንበር ነው፣ ግን ደስታው የለም።

ባሌን ደሴ ግቢያችን ውስጥ፣ የዐስር ሰላቱን ሰግዶ ባዶ ጆንያዎቹን ሲያራግፍ አገኘሁት። ወረቀቱን ሰጠሁት። «ይኸው፣ ዋስትና አለኝ። ነገ ጋቢና እገባለሁ» አልኩ። ቀስ ብሎ አነበበው። እስከ ታች ድረስ አነበበና የእናቱ ስም ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ ቆየ።

«እማ በዚህ ዕድሜያቸው ልጅ ያሳድጉ?» አለ።

«ሌላ ማንን ልበል?»

«እኔም ሌላ ማንን ልበል ብዬ ነው እኮ» አለ። ጆንያውን ከእጁ ጣለው። «ወረቀቱ መሰለሽ የከለከለሽ? ገንዘብ ቢኖረኝም አላስገባሽም ነበር። ያቺ ልጅ አንቺም እኔም አንካተትም ስትል ጊዜ፣ ሁለታችንም አንድ ገደል ውስጥ ነን፣ አልኩ። ልጆቹ ቤት ናቸው፣ እኛ አንድ ገደል ውስጥ ነን። አንዳችን እንኳ እንትረፍላቸው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ቤት ተቀመጪ ብለህ ወረወርከኝ!»

«ብነግርሽ ትፈሪያለሽ ብዬ።»

«እኔ? እኔ መቼ ሳልፈራ ውዬ አውቃለሁ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ሲስቅ ግን ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ የኔም እንደዚያው። ከነመንዙማው፣ ከነእርጋታው፣ ያ ሰው ከኔ ይልቅ ሲፈራ ኖሯል። ተናድጄበታለሁ፤ እንደዚያን ቀንም ወድጄው አላውቅም።

በማግስቱ አልተከራከርኩም። ጭነቱን ይዞ ሐረጎን ሲወርድ እኔ በሚኒባስ ከኋላው ወረድኩ። ሸጥን፤ ያችን «በስብሷል» የምትለዋን ሴትዮ ላባዋን ነቅዬ ሰደድኳት። ጆንያው ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ሚኒባሱ ስሄድ ጠራኝ። መኪናዋ ባዶ ቆማለች። ከውስጥ ሆኖ የኔን በር ከፍቷል፤ መቀመጫውን በሻርፑ እየጠረገ ነው።

«ቁልቁለቱን ለየብቻ፣ ዳገቱን አብረን» አለ። «ስትወጣ ባዶ ናት፣ ፍሬኗ አይቃጠልም። በዚያ ላይ ዋስትና አለሽ።»

«ዳገቱን አትፈራም?»

«እፈራለሁ» አለ። «ግቢ አሁን።»

ገባሁና በሩን ሳብኩት።